መንገድ ያቋረጠች ጥንቸል

ከውጫሌ በላይ ባሉት መንደሮች መንገድ ያሰበ ሰው መስኡዳን ሳያማክር አይነሳም ነበር። መስኡዳ ጠንቋይ አይደለችም። አምስት ወቅት ሰጋጅ፣ ረመዳንን አሟልታ ጿሚ፣ ዛጎል በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት። የምታውቀው የዱር አውሬን ገድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከአባቷ ነው የተማረችው።

ቀበሮ መንገድ ካቋረጠ ገድ ነው፤ ሂድ ትላለች። ሽኮኮ ከገደሉ ላይ ከጮኸ እንግዳ ይመጣል። ፍልፈል ደጃፍ ላይ አፈር ከቆለለ ከቤቱ ሰው ይጎድላል። የሁሉም ክፉ ግን ጥንቸል ናት። ጥንቸል ከፊትህ ካቋረጠች ምንም ቢቸኩልህ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ፤ አድረህ በማግስቱ እንደ አዲስ ትነሳለህ። የመስጊዱ ሼህ «ገድ ማየት ሽርክ ነው፤ በአላህ ላይ ማጋራት ነው» እያሉ ሁለት ጁምዓ ሙሉ ወርደውባታል። በሦስተኛው ሳምንት ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ወደ ሐይቅ ሲወርዱ ግን በደጇ ዞረው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?» ማለታቸውን መንደሩ እስከዛሬ እየሳቀ ያወራዋል።

ባሏ የሞተው ልጃቸው ባድሩ ገና መራመድ ሳይጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነበር። ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት፣ ሰው ሁሉ አገሩ ላይ ተስፋ ሲያደርግ፣ ባድሩ የጓደኞቹን ምክር ሰምቶ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ተነሳ። በወጣበት ጠዋት ቀበሮ አቋረጠ። መስኡዳ ደስ ብሏት፣ እያለቀሰች መረቀችው። ልጁ ግን ጂዛን እስር ቤት ዘጠኝ ወር ታሽቶ፣ ሁለት ጥርሱ ጎድሎ፣ በባዶ እጁ ተጠርዞ መጣ። አንድም ቀን አልወቀሳትም። ማሽላ ሲጠብቁ ቀበሮ ባየ ቁጥር «እማ፣ ወዳጅሽ መጣልሽ» ይላታል እንጂ። እሷም ትስቃለች፤ ውስጧን ግን ይከነክናታል።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ እየገፋ ውጫሌ አፍ ላይ ደረሰ። የመድፉ ድምፅ መደርደሪያ ላይ ያለውን ብርጭቆ ያንቀጫቅጭ ጀመር። መስኡዳ ስለ ቤቱም ስለ ከብቱም አላሰበችም፤ የጨነቃት ባድሩን ደሴ ማድረስ ነበር። ጎረቤቷ ውበቱ ከነቤተሰቡ ሊሸሽ መሆኑን ሲነግራት አብረው ለመሄድ ተስማሙ። መኪና ስላልነበረ ሱብሂ እንደተሰገደ በእግር መንገዱ ወጡ። ውበቱ አንድ ልጅ ተሸክሟል፤ ሚስቱ ተሾመች ሌላውን አዝላለች። ባድሩ ብርድ ልብስና በሶ የተጫነችውን አህያ ይነዳል።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄዱ፣ በቀኝ በኩል ካለው ተረተር ላይ አንዲት ጥንቸል ጆሮዋን ጀርባዋ ላይ ለጥፋ ቁልቁል መጣች። ከአህያዋ አፍንጫ ሥር መንገዱን አቋርጣ ማሽላው ውስጥ ገባች።

መስኡዳ ባለችበት ቆመች። «እንመለስ» አለች።

«እትዬ መስኡዳ፣ ምን ሆኑ? ከኋላችን እኮ መድፍ ነው» አለ ውበቱ።

«ይኸ መንገድ ዛሬ የኛ አይደለም። አድረን ነገ እንነሳለን።»

ውበቱ ተሾመችን አያት። ተሾመች ያዘለችውን ልጅ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። እሱም ተከተላት። ባድሩ ግን የአህያዋን ገመድ እንደያዘ እናቱ ፊት ቆመ።

«እማ፣ ቀበሮሽ ጂዛን እንደከተተኝ ረሳሽው?»

«ቀበሮ ይሳሳታል፤ ጥንቸል ግን ተሳስታ አታውቅም። በአላህ ይዤሃለሁ።»

ልጁ ሄደው የራቁትን ሰዎች አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። «እሺ፣ አንቺን ጥዬ የት እሄዳለሁ» አለና አህያዋን አዞረ።

ቀትር ላይ መንደሩ በታጣቂ ተሞላ። ነገ እንነሳለን ያለችው ነገ መንገዱ ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን ጥይት የሚሸከም ጎልማሳ ሲፈለግ ባድሩ ከቤት ተጠራ። «እስከ ወንዙ አድርሶ ይመለሳል፣ እናት» አላት አንደኛው፣ ደግ በሚመስል አነጋገር። መስኡዳ በሶ በጨርቅ ቋጠረችለት። ሲወጣ አጥሩን፣ ማሳውን፣ መንገዱን በዓይኗ ፈለገች፤ ያን ቀን አንድም አውሬ አላቋረጠም።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ለቀው ሄዱ። አብረውት ከተወሰዱት አምስት ልጆች ሁለቱ ተመለሱ፤ ባድሩን ሌላ ጭነት አሸክመው ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደወሰዱት ብቻ ነው የሚያውቁት። ቀበሌ ስሙን መዘገበላት። ከዚያ በኋላ የጠየቃትም የነገራትም የለም።

ውበቱ በጥር ከነቤተሰቡ በሰላም ተመለሰ። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ ሊያጽናናት መጣ፤ አፉን ባይከፍት ይሻለው ነበር።

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አላት። «እናንተ በተመለሳችሁ በጥቂት ደቂቃ ከዚያ ተረተር ላይ ተኩስ ተነሳ። ለካ ታጣቂዎቹ እላይ ደርሰው ኖሯል። ያቺ ጥንቸል እኮ እነሱን ፈርታ ነው የሮጠችው። እንደኛው ስትሸሽ ነበር።»

መስኡዳ ስኳሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። «እናንተንስ ተኩሱ አገኛችሁ?»

«እኛማ አልፈን ነበር» አለ ውበቱ፤ ካለ በኋላ ምን እንዳለ ገባውና አንገቱን ደፋ።

ሰው ግን አሁንም ይመጣባታል። ባለፈው የጎረቤት ልጅ ሪታጅ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ተነስታ፣ «እማማ፣ ጠዋት ጥንቸል አይቼ ፈራሁ፤ ምን ላድርግ?» አለቻት። መስኡዳ ማሽላ መልቀሟን ሳታቋርጥ «እኔ የማውቀው ነገር የለም፣ ልጄ» አለቻት። ልጅቷ ትንሽ ቆማ ሄደች።

አሁን መስኡዳ በየሐሙሱ ያኔ ጥንቸሏ ወዳቋረጠችበት መንገድ ትሄዳለች። ባለፈው ሐሙስ ከተረተሩ ላይ ጥንቸል ወረደችና ከፊቷ አቋርጣ አለፈች። መስኡዳ ወዴት እንደገባች ዞራ አላየችም። ፊቷን ጥንቸሏ ወደመጣችበት አቅንታ፣ ከጥንቸሏ ኋላ ማን እንደሚመጣ ቆማ ጠበቀች። ፀሐዩ እስኪበረታ ጠበቀች። ማንም አልመጣም፤ ወደ ቤቷ ተመለሰች።