ሣሩን ያሻገረው አባቴ

የበሰለ ሙዝ ድንገት ሲሸተኝ ልቤ ጭልጥ ብሎ ከጎረቤታችን የሙዝ መጋዘን ውስጥ ይገባል፤ አባዬ ቲያትሮቹን የሚያለማምደው እዚያ ነበር። ሙዙ ጠዋት በአይሱዙ ተጭኖ ሲሄድ ወለሉ ባዶ ይቀርና፣ አባዬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ በጠመኔ መድረክ ሥሎ፣ ተዋናዮቹ ላይ ይጮህባቸው ነበር። እኔ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጬ የረሱትን ቃል አስታውሳቸው ነበር።

አባዬ ከጎጃም ወደ አርባ ምንጭ ተመድቦ የመጣ የአማርኛ መምህር ነው። እማዬ ደግሞ ጋሞ፣ የካምባ ልጅ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ታደለ፣ እኛ ቤት እየኖረ ቀን ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻ ውስጥ ይሠራ፣ ማታ ይማር ነበር፤ ያስተማረው አባዬ ስለሆነ የአባዬ ቃል እሱ ዘንድ መሬት ጠብ አትልም ነበር።

የዚያ ዓመት በልግ አባዬ አዲስ ቲያትር ጻፈ። ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ይጣላሉ፤ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ፣ ተንበርክኮ ይለምናቸዋል፤ ታላቁ ሣሩን ተሻግሮ ታናሹን ይገድላል። እማዬ ይህን ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። በጋሞ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ የደም ባላንጣ እንኳ አያልፈውም።

«ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ነው፤ የማታውቀውን አትንካ» አለችው።

«ካልተሻገረው ምኑን ቲያትር ሆነ?» አላት።

ኧረ እሱን ማን ችሎት! በልምምዱ በሣሩ ቦታ የጠመኔ መስመር ነበር፤ ታላቁን ወንድም የሚጫወተው ታደለ ያንን መስመር እየሳቀ ሃምሳ ጊዜ ተሻገረው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ቲያትሩ አዳራሽ ውስጥ ታየ። አባዬ «እውነት መምሰል አለበት» ብሎ የሽማግሌውን ቦታ ለእውነተኛ ሽማግሌ ሰጥቶ ነበር፤ ለልምምድ ስላልጠራቸውና የራሳቸውን ንግግር ብቻ ስለነገራቸው ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቁም። ትኩስ ሣር አጭደው መጡና፣ ተንበርክከው፣ የተጻፈላቸውን ትተው በጋሞኛ ከልባቸው ይለምኑ ጀመር። ታደለ ሣሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እለፍ! ታደለ፣ እለፍ እንጂ!» ይላል አባዬ ከመጋረጃው ኋላ።

ታደለ ዞር ብሎ አየው፤ ያ ዓይኑ እስከ ዛሬ ያመኛል። ከዚያ ተሻገረ።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። አንዲት እናት «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ፤ ሽማግሌው ሣሩን ለቅመው ሲወጡ ሰዉም እየተነሣ ተከተላቸው። ታናሽ ወንድም ሆኖ የሚጫወተው ልጅ እንኳ መሞቱን ሳይጠብቅ ሄደ።

መስከረም ጠብቶ ታደለ ለመስቀል ወደ ካምባ ወጣ፤ አያቴ «ሣር የተሻገረ ቤቴ አይገባም» ብለው ከደጅ መለሱት። ሽማግሌዎቹ ግን ጨርሰው በር አልዘጉበትም፤ ያሻገረህ ሰው አብሮህ መጥቶ «አጥፍቻለሁ» ይበል፣ ከዚያ እናነጻሃለን አሉት። የአንድ ቀን መንገድና አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው።

«ለቲያትር ይቅርታ? እኔ?» አለ አባዬ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እሱ ነው።

በጋውን ሙሉ ታደለ ጠበቀው። ሰላምታ የሚነፍገው ሲበዛ ገበያ መውጣት ተወ፤ አብሮት የሚበላ ሰው ጠፍቶ እኔ አጠገቡ እየተቀመጥኩ እበላ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብረን እንውጣ» ሲለው ሰማሁ፤ አባዬ ደብተር ማረሙን ቀጠለ። በልጉ ሲመለስ ታደለ ልብሱን በፌስታል ይዞ መነኸሪያ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውም የለም። እማዬ ለአባዬ ምግብ ታቀርብለት ነበር እንጂ እስክትሞት ድረስ ከእሱ ጋር ከአንድ ሳህን አልበላችም። እኔም ተቀይሜው ኖሬያለሁ፣ ምን እደብቃለሁ?

ዛሬ እዚሁ አርባ ምንጭ እኔም ለመድረክ እጽፋለሁ፤ ጓደኞቼ በጋሞኛም ይጽፋሉ፣ ስለ ሣር ስለ ደም ከመጻፋችን በፊት ሽማግሌ እንጠይቃለን። አባዬ ጡረታ ከወጣ ቆየ። ባለፈው መስቀል «ካምባ ውሰጂኝ» አለኝና ወሰድኩት። አያቴ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ሌሎች ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠበቁን። አባዬ በማይታዘዝ ጉልበቱ ተንበርክኮ «አጥፍቻለሁ» አለ። ያኔ አንድ ጊዜ መናገር ያቃተውን ቃል አሁን እየደጋገመ ማቆም አቃተው። ሽማግሌዎቹ እስኪጨርስ አዳመጡትና አንዱ በቀስታ ተናገሩ።

«እሺ መምህር» አሉት፣ «በሉ ያሻገሩትን ልጅ ያምጡትና እናነጻዋለን።»