በገና ኳሱ ሆድ የታየው ቤታችን

ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ባለች ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ የሠርግ ጥሪና የሙት ዓመት ፎቶ በፎቶሾፕ እሠራ ነበር። ገና ሲቃረብ አንዲት የሆቴል ባለቤት መጡና ሆቴላቸው ፊት የሚሰቀል ትልቅ ባነር አዘዙ። «እንኳን አደረሳችሁ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ፣ እንደ አዲስ አበባዎቹ፣ የሚያብረቀርቁ የዛፍ ኳሶች ይኑሩልኝ አሉ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ክብ ሣልኩ፣ ቀይ ሞላሁት፣ ከላይ ነጭ ብርሃን ጣል አደረግሁበት። አለቃዬ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «የፎገራ ሽንኩርት ነው እንዴ የሣልሽው?» አለኝ። እውነቱን ነበር።

እሑድ ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት ባለው ቤታችን ስውል አንድ የታጠበ የብረት ጎድጓዳ ሳህን መደብ ላይ ተደፍቶ አየሁ። በበሩ የገባው ፀሐይ ሆዱ ላይ ያብለጨልጫል። በስልኬ አነሳሁት። ሰኞ ክቡን ቆርጬ አወጣሁ፣ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ወርቃማ ቀባሁ፣ ማንጠልጠያ ቀጠልኩላቸው። አለቃዬ፣ «አሁን ገና ኳስ ሆነ!» አለ።

ባነሩ የተሰቀለው በገበያ ቀን ነው። አብራኝ ከምትሠራው ልጅ ጋር ላየው ስሄድ የባጃጅ ሹፌሮች ተሰብስበው ይሳሳቃሉ። ቀና አልኩ። ኮምፒውተሩ ላይ አውራ ጣት የምታህለው ቀይ ኳስ አሁን ከምጣድ ትሰፋለች፤ በሆዷም ቤታችን ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሀል ላይ ስልክ የያዘ ጥላ አለ፤ እኔ ነኝ፣ ማንም አይለየኝም። ከጥላው ጎን የጭቃው ግድግዳና የታሰረችው ጥጃ፣ ከጥጃዋ ፊት ደግሞ አባቴ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ የተሰነጣጠቀ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈው።

«ሰውየው ማን ናቸው?» አለችኝ ልጅቷ።

«እንጃ፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩት ነው።»

ወዲያው ከኋላዬ፣ «ይቺ የኛ ጥጃ አይደለችም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ነበሩ፤ ጤፍ ሸጠው ከጎረቤታችን ጋር ሲመለሱ። መልሴን ሰምተው እንደሆን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጎረቤታችን፣ «አንተ ሰው፣ ሆቴል ይዘህ ነው እግርህን የምትታጠበው?» ብለው ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። ጋቢያቸውን ወደ ታች ሳብ አድርገው እግራቸውን ሸፈኑ። ጫማ አድርገው ነበር እኮ።

ፊቴ ነደደ። «አባዬ፣ ሳላየው ነው፤ አሁኑኑ አስወርደዋለሁ» አልኩ። ልጅቷ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ያንቺ ሥራ ነው?» አሉኝ አባቴ።

«አዎ።»

«ያምራል። እኔን ግን አጥፊኝ። ሰው ፊት እንዲህ ሆኜ አልታይም።»

የሆቴሏ ባለቤት ስነግራቸው አልተቆጡም፤ «ጥጃዋን ተያት፣ ሰው ወዷታል» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ፣ ከግድግዳው ቀለም እየቀዳሁ አባቴ ላይ አለበስኩ። መጀመሪያ እግራቸውን፣ ከዚያ ጉልበታቸውን። ፊታቸው ጋ ስደርስ አጉልቼ አየሁት። ወደኔ እያዩ ነበር። ልጃቸው ሳህን ፎቶ ስታነሳ ገርሟቸው ይሆናል፣ ፈገግ ብለዋል። በሥራዬ ሲኮሩብኝ የሚያሳዩት ፈገግታ ነው። እሱንም አጠፋሁት።

ሁለተኛው ባነር እስከ ጥምቀት ተሰቅሎ ቆየ። ምስላቸውን ያጠፋሁ ዕለት ማታ ቤት ስገባ አባቴ እንደ ወትሮው፣ «ደህና ዋልሽ?» አሉኝ፤ ስለ ባነሩም ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላነሱም። ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ።