ያልደረሰው ዘጠኝ ሰዓት

ዘርፈሽዋልን ቡታጅራ ውስጥ የማያውቃት ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ በርበሬ አይበላም። ዛላ በርበሬ በጆንያ እየገዛች ቆላ ወርዳ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከገበያው ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። አውቶቡስ ስትሳፈር ገና ሳትቀመጥ "መስኮት ክፈቱ!" ብላ ትጮሃለች። "ንፋስ ይመታናል" ያላት ሰው አለቀለት። ባለፈው አንዱን ሻርፕ የጠመጠመ ጎረምሳ "ንፋስ የገደለው ሰው ቀብር ሄደህ ታውቃለህ? ሙቀትን ግን እኔን ጠይቀኝ!" ብላ ራሷ ተንጠራርታ መስኮቱን ከፈተችበት።

እኔ ሸረፋ እባላለሁ፤ ሾፌር ነኝ። ይህን ፀባይ ያመጣባት ነገር ሲደርስ አጠገቧ ነበርኩ። ሌላ ሰው ሲያወራው አይጥመኝም፤ የነበረውን ይዘላል፣ ያልነበረውን ይጨምራል። እኔው ልንገርህ።

ዘርፌ የቡኢ ልጅ ናት። ለጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ተድራ ቡታጅራ ስትመጣ እሱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዛሬም ነው። ዝምተኛ፣ ጨዋ፣ ጾም አጥባቂ ሰው። እሷ ደጃፉ ላይ በርበሬ በጣሳ መቸርቸር ጀመረች። ከጣሳ ወደ ቁና፣ ከቁና ወደ ጆንያ። ከባድመው ጦርነት በኋላ ጭነቱ ሁሉ በጅቡቲ መስመር ሲሆን፣ አፋር በረሃ ያሉት ምግብ ቤቶችና የመንገድ ሥራ ካምፖች ጥሩ በርበሬ እንደሚቸግራቸው ከእኔ ሰማች። በሳምንቱ "ሸረፋ፣ ጫን" አለችኝ። ሴት ብቻዋን በረሃ ትወርዳለች ብሎ ማን ጠበቀ? እሷ ግን ወረደች፣ ተመላለሰች፣ ቤቷን አሳደሰች።

ነገሩን ያበላሸው የሰው አፍ ነው። "ሀብቴ እዚህ ቁልፍ ይተክላል፣ ሚስቱ ከሾፌር ጋር በረሃ ለበረሃ ትዞራለች" ማለት ጀመሩ። ከሾፌር ማለት ከእኔ ማለት ነው እንግዲህ! ያ ረቢ፣ ዘርፌን እኮ የምፈራት እናቴን ያህል ነው። ወሬው ጋሽ ሀብቴ ጆሮ ደረሰ። ብቻ ነሐሴ ሲገባ፣ ረዳቴ ታሞ ጋቢናው ውስጥ ቦታ ሲገኝ፣ "በዚህኛው እኔም እሄዳለሁ" አለ።

"በፍልሰታ?" አለችው ዘርፌ። "ኧረ ጾሙ ይለፍ!"

"እዚያም ክርስቲያን አለ" አላት፤ በቃ።

ቡታጅራ ዝናብ ነበር፤ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ጋሽ ሀብቴ ሹራብ፣ ከላዩ ኮት፣ ከዚያ በላይ ጋቢ ደርቦ ወጣ። አዋሽን አልፈን ሙቀቱ ሲጀምረን አንዱንም አላወለቀም። እኔ መስኮት ስከፍት እሱ ይዘጋል። "ላብ ላይ ንፋስ ጥሩ አይደለም" ይለኛል። እከፍታለሁ፣ ይዘጋል። በበርበሬው ብናኝ ታፍነን እያነጠስን ገዋኔ ገባንና አደርን።

በዚያ አገር አንድ ሕግ አለኝ። ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እደርሳለሁ። በርበሬውን የምናራግፍበት ካምፕ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በኮረኮንች የሚገባ ነው፤ መኪና የማይበዛበት፣ ጥላ የሌለበት መንገድ። ገና ጨለማ ሳለ ተነስቼ ስጣራ ጋሽ ሀብቴ የለም። ቤተ ክርስቲያን ሄዷል።

"ኪዳን ሳያደርስ አይመጣም" አለችኝ ዘርፌ።

መሪውን በቡጢ መታሁት። የእሷ ባል ባይሆን ኖሮ ጥዬው ሄጄ ነበር። ሲመጣ ፀሐይዋ ወጥታ ጨርሳለች። "በል ቢያንስ ውሃ ጠጣ፣ ጋሽ ሀብቴ። ይሄ ቡታጅራ አይደለም" አልኩት።

"ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ" አለኝ።

ፍልሰታን ከልጅነቱ ጀምሮ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብታ ሳያስገባ ነው የሚጾመው። ዘርፌም ጾመኛ ናት፤ በረሃ ስትወርድ ግን ውሃ እንድትጠጣ ንስሐ አባቷ ፈቅደውላታል። "አንተም ብትጠይቅ ምን ነበረበት?" ስትለው "እኔ ምን ሥራ አለኝ? አንቺን ልሸኝ ነው የመጣሁት" አላት። ተናደደች፤ ግን ባሏን ሰው ፊት አትናገረውም።

በኮረኮንቹ ብዙ እንደገባን ከሞተሩ እንፋሎት ቡፍ አለ። የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዷል፤ ውሃው ሁሉ አፈር ላይ ፈሰሰ። ከአሮጌ ካላማዳሪያ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጬ ልጠመጥምበት መኪናው ሥር ገባሁ። ጋሽ ሀብቴ ዝም ብዬ አልቀመጥም ብሎ ድንጋይ እየተሸከመ ጎማ ሥር ያስቀምጣል፣ መፍቻ ያቀብለኛል፣ ፀሐይ ላይ ይመላለሳል። ኮቱን እንደለበሰ!

"ጥላ ውስጥ ግባ፣ በአላህ!" ብዬ ጮህኩበት።

"ደህና ነኝ። እንዲያውም ላቤ ቆመልኝ" አለኝ።

ይህን ስሰማ ከመኪናው ሥር ተስቤ ወጣሁ። በዚያ ሙቀት ላብ ቆመ ማለት የሚያስደስት ወሬ አይደለም፤ መንገዱ ላይ ስንት ሰው እንዲህ ብሎ ሲወድቅ አይቻለሁ። ፊቱ ቀልቷል፣ ቆዳው ደርቋል።

"ጋሽ ሀብቴ፣ የት ነው ያለነው?" አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። "ሱሪው ረቡዕ ይደርስልሃል" አለኝ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ።

ዘርፌ ጮኸች። "ምች ነው! ምች መታብኝ!" ብላ ጋቢውን ከጋቢናው ጎትታ ጣለችበት። ራሱን ሸፈነች፣ እግሩን ጠቀለለች። "ያልበው፣ ሲያልበው ይለቀዋል! ምነው ዳማከሴ በያዝኩ ኖሮ!" እኔ ጋቢውን ወደዚህ ስስብ እሷ ወደዚያ ትስባለች።

"ልቀቂ! ልትገድይው ነው!"

"የምትገድለው አንተ ነህ! ንፋስ ልታስገባበት!"

"ሴትዮ፣ እጅሽን ደረቱ ላይ አድርጊ!"

አደረገች። ወዲያው መለሰችው። "እሳት ነው" አለች።

"እሳቱን ነው ጋቢ ያለበስሽው። ሰውነቱ ራሱን ማብረድ አቅቶታል። እኛ ካላበረድነው ይሞታል፣ ዘርፌ።"

ጋቢውን ለቀቀች።

መሬቱ ራሱ ያቃጥል ስለነበር ሁለት ጆንያ በርበሬ አውርደን አነጠፍን፤ ሸራውን ከመኪናው ጎን አስረን ጥላ ሠራንና አስተኛነው። ኮቱን፣ ሹራቡን፣ ጫማውን አወለቅን። ዘርፌ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ሰጠችኝ፤ በውሃ ነክሬ አለበስኩት። አንገቱን፣ ብብቱን፣ ጭኑን እናርሳለን፤ በካርቶን እናራግባለን። የነከርነው ነጠላ ወዲያው ይደርቃል፣ መልሰን እንነክራለን። ያን ሁሉ ዘመን ስትፈራው የኖረችውን ንፋስ እጇ እስኪዝል አራገበችው።

ያለን ሁለት ጄሪካን ነው፤ አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለራዲያተር። የመጠጡ ሲጎድል ዘርፌ ሁለተኛውን አነሳች።

"እሱ አይሆንም! የመኪናው ነው" አልኳት።

"መኪናህ ገደል ይግባ!"

"መኪናው ከቀረ እሱም እዚሁ ቀረ! ማን መጥቶ ያነሳናል? አስፋልት ድረስ ታዝይዋለሽ?"

ጄሪካኑን በሁለት እጇ አቅፋ ቆመች። አንዴ ባሏን ታያለች፣ አንዴ መኪናውን። ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እውነት እንደያዝኩ እርግጠኛ አልነበርኩም። በመጨረሻ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። "ቶሎ በል። አንድ ነገር ቢሆን አንተንም መኪናህንም አቃጥላችኋለሁ" አለችኝ። የምሯን ነበር።

ቱቦውን ጠመጠምኩ፤ ሞተሩ በረድ ሲል ውሃውን በዝግታ ሞላሁ። ዞር ስል ጋሽ ሀብቴ ዓይኑን ገልጧል። ዘርፌ ቀና አድርጋ ደግፋው ኩባያውን ከንፈሩ ላይ አድርጋለች። እሱ ግን ጥርሱን ነክሷል።

"ጠጣ ሀብቴ፣ በእናትህ!"

"ዘጠኝ ሞላ?" አለ፤ ምላሱ ተሳስሯል።

አያድርስ ነው! የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ጾሙን ያውቃል። ሰዓቱ ገና ረፋድ ነው። ዘርፌ ቀና ብላ አየችኝ። ይህች ሴት ገበያ ላይ ስትከራከር እንኳ የእመቤታችንን ስም ጠርታ አትምልም፤ ለንግድ ስሟን አላነሳም ትላለች።

"እመቤቴን! ዘጠኝ ሞልቷል" አለችው።

አላመናትም። "ሸረፋ ሰዓት አለው። ያሳየኝ" አለ።

ጀርባዬን ሰጠሁትና የሰዓቴን ቁልፍ ሳብኩ። መርፌውን እያዞርኩ ዘጠኝ ላይ አደረስኩት። አላህ ያውቃል፣ ቅር አላለኝም፤ ዛሬም አይለኝም። ክንዴን ፊቱ ላይ ዘረጋሁ። ፈዝዞ አየው፣ አየው። ከዚያ አፉን ከፈተ፤ ዘርፌ ትንሽ በትንሽ እያደረገች አጠጣችው።

"ካወቀ ከእጄ ዳግመኛ አይቀምስም" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ይዳን እንጂ አይቅመስ" አልኳት።

ያወረድነውን ሁለት ጆንያ በርበሬ እዚያው ጥለን፣ ጋሽ ሀብቴን ጋቢና አስገብተን ወደ ገዋኔ አዞርኩ። ሁለቱም መስኮት ተከፍቷል፤ እሷ በተረፈችው ውሃ ነጠላውን እየነከረች ትይዘዋለች። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ ቀይ ላይ ደርሷል፣ የጠመጠምኩት ቱቦ ያንጠባጥባል። ብፈጥን ሞተሩ ነክሶ ይቆማል፣ ብዘገይ ሰውየው ይሞታል። አስፋልቱን ስንይዝ ጋሽ ሀብቴ ሲጠሩት መመለስ አቆመ። "ሀብቴ! ሀብቴ!" ትላለች፤ መልስ የለም። ዞሬ ለማየት ፈራሁ፤ መሪዬን ብቻ ጨብጬ ነዳሁ።

ገዋኔ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ተቀብለው አስገቡት። ግሉኮስ ሰኩለት፣ በእርጥብ አንሶላ ሸፈኑት። "አቀዝቅዛችሁ ማምጣታችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ገና ነው፣ እንጠብቅ" አለችን ነርሷ። ጠበቅን። ዘርፌ ኩባያ ውሃ ይዛ አልጋው አጠገብ ቆመች፤ ተቀመጪ ብትባል አልሰማ አለች።

በኋላ ዓይኑን ገለጠ። "ዘርፌ" አላት። ስሟን ሲጠራ አላህን አመሰገንኩ።

በዚያው ቅጽበት ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ጋሽ ሀብቴ ሱቁ ቡታጅራ መስጊድ ፊት ለፊት ነው፤ አምስቱንም አዛን ከእኔ እኩል ያውቃል።

"ሸረፋ፣ ይሄ ዙህር አይደለም?" አለኝ።

ዙህር እኩለ ቀን ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ገና የት ተደርሶ!

"እሱን አትጠይቀው" አለች ዘርፌ። "እኔ ነኝ። በእመቤቴ ስም በውሸት ማልኩብህ። ጾምህን ያስፈታሁህ እኔ ነኝ፤ ለንስሐ አባቴም እናገራለሁ። ከእጅሽ አልበላም ብትለኝም እሺ።"

ጋሽ ሀብቴ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። አዛኑ አለቀ።

"አሁንም ዘጠኝ አልሞላም ማለት ነው?" አላት።

"አልሞላም።"

ግሉኮስ ያልተሰካበትን እጁን ከአልጋው ላይ በግድ አነሳና ዘረጋላት።

"እንግዲያው ያንን ውሃ ስጪኝ" አላት።