በአንድ ስም አሥራ ሁለት ስልክ

«አንቺ እኮ ታሪክ አይደለሽም፤ ያኔ ችግር ነበርሽ» አለኝ ጋሽ ደረጀ ፊት ለፊቴ። ሳቅ ብሎ ነው ያለው። እኔ አልሳቅኩም።

ይህን ያለኝ ባለፈው ሐሙስ፣ የድርጅታችንን ታሪክ ጽፌ ባሳየሁት ጊዜ ነው። አዲስ ድረ ገጽ እየተሠራ ስለሆነ «ከየት ተነሣን» የሚል ገጽ ያስፈልጋል ተባለ። ከሁለቱ መሥራቾች ቀጥሎ ብዙ የቆየሁት እኔ ነኝና ጻፊ አሉኝ። ጻፍኩ። ጋሽ ደረጀ አንብቦ አንዱን ረጅም አንቀጽ በቀይ ከበበው። አንቀጹ እዚያ ካልገባ እዚህ ይግባ ብዬ ነው አሁን የምጽፈው። በውስጡ ያለችውን ሴት ሀሊማ እላታለሁ፤ ስሟ ሀሊማ አይደለም። ሱቋም የትኛው ሕንጻ ውስጥ እንደሆነ አልናገርም። ምክንያቱን ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

ድርጅቱ ሲጀመር ድርጅት አይባልም ነበር። የናይሮቢ መሃል ከተማ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጋሽ ደረጀና ሸሪኩ ምዋንጊ ኮምፒውተር ይጠግናሉ፣ ለግል ትምህርት ቤቶች የተማሪ መመዝገቢያ ፕሮግራም ይሠራሉ። አማካሪ መባል የጀመሩት አንድ የትምህርት ቤት ባለቤት «ምን ዓይነት ኮምፒውተር ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቃቸው መልሱን በወረቀት ጽፈው፣ ማኅተም መትተው የሰጡት ጊዜ ነው። «ጥናት» የሚለው ቃል ደግሞ በሩ ላይ የተጨመረው አንድ የውጭ ድርጅት ስለ ነጋዴዎች የስልክ አጠቃቀም የሚያጠናለት ሲፈልግ ነው። መጀመሪያ በወረቀት ተለጠፈ፤ ሥራው ሲገኝ በቀለም ተጻፈ። ይህንንም ጽፌው ነበር፤ ጋሽ ደረጀ ሰርዞታል።

እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፎርም ፎርን፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃን፣ ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ፣ ካሳራኒ ሰፈር ከእናቴ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጫለሁ። ተቀምጫለሁ ማለት እንኳን ይከብዳል፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስል ነበር የምውለው። ጋሽ ደረጀ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ስለሆነ እናቴ አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«አማርኛ ትችላለች፣ ስዋሂሊ ትችላለች፣ እንግሊዝኛ ትችላለች» አለችው። «የማትችለው ዝም ማለት ብቻ ነው።»

«ለጥናት የሚናገር ሰው ነው የምንፈልገው» አለና ቀጠረኝ።

ሥራው ኢስሊ ገበያ ያሉ ስድሳ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችን መጠየቅ ነው። አንድ ታብሌት ሰጡኝ፤ አርባ ጥያቄ አለበት። ዕቃ ስታዝ ትደውላለህ ወይስ ትጽፋለህ፣ ስልክህ ቢጠፋ ምን ይቆምብሃል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። ሚያዝያ ላይ ናይሮቢ ውስጥ ዝናብ ከያዘ አይለቅም፤ ኢስሊ ላይ ደግሞ ከላይ የሚወርደውና ከቱቦ የሚወጣው ውሃ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ከማታቱ፣ ከሚኒባሱ፣ ስወርድ ጫማዬን አውልቄ በላስቲክ ጫማ እቀይራለሁ። ጋሪ ገፊዎቹ ዞር በሉ እያሉ ይጮሃሉ፣ ብትን ጨርቁና ጀለቢያው በላስቲክ ተሸፍኖ ይንጠባጠባል፣ ከየደረጃው ሥር የሳምቡሳ ዘይት ይንጫጫል። የጭቃና የትኩስ ሳምቡሳ ሽታ ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ ሲመጣብኝ ይርበኛል።

መጀመሪያ ማንም አልመለሰልኝም። «ከመንግሥት ነሽ?» ይላል አንዱ። ጋሽ ሱልጣን የሚባል ልብስ ሰፊ ደግሞ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «የጴንጤ ልጅ አይደለሽም? ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር ልትሰብኪኝ መጣሽ?» አለኝ። ያዳነችኝ ሀሊማ ናት። ሱቆቹ ያሉበት ሕንጻ ደረጃ ሥር አንሶላና ሻሽ ትሸጣለች። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ነው የተወለደችው፤ አማርኛዋ ግን ከኔ ይሻላል። በሦስተኛው ቀን ስወጣ ስወርድ አየችኝና ወደ ላይ ጮኸች፦

«ኧረ መልሱላት! ልጅቷ እኮ እግሯ በሰበሰ!»

ከዚያ በኋላ በአንድ ሳምንት ጨረስኩ። ቻይ፣ የወተት ሻይ፣ በላስቲክ ኩባያ እየሰጡኝ፣ ብትን ጨርቅ ላይ እያስቀመጡኝ መለሱልኝ።

ነገሩ የተበላሸው በምስጋናው ነው። ጊዜውን ለሰጠን ሰው ትንሽ ሳንቲም በስልክ ይላካል፤ እዚህ አገር ደግሞ በስልክ ስትልኩ መስመሩ የተመዘገበበት ስም ይመጣላችኋል። ላኪዋ ዋንጂሩ የምትባል የቢሮው ልጅ ነበረች። አንዱን ላከች፣ ሀሊማ የሚል መጣ። ሁለተኛውን ላከች፣ ሀሊማ። አሥራ ሁለት ጊዜ ያው ስም፣ ከነአባቷ ስም። ዋንጂሩ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ሥራዋ ስለሆነ ስክሪኑን ለጋሽ ደረጀ አሳየችው። እሱም ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«አሥራ ሁለት ሰው፣ ፂም ያለው ልብስ ሰፊ ጭምር፣ ሁሉም ሀሊማ ነው የሚባሉት?»

«ስልኩ ነው እንጂ ሰዎቹ አይደሉም።»

«አንዲት ሴትዮ አጠገብ ቁጭ ብለሽ፣ ቻይ እየጠጣሽ፣ ከራስሽ ሞልተሽዋል።»

«ቻዩን ጠጥቻለሁ። ፎርሙን ግን ጠይቄ ነው የሞላሁት።»

በመጠርጠሩ አልፈርድበትም። በዚህ ሥራ ሳይጠይቁ መሙላት ያለ ነው፤ ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ማታቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሃያ ሰው «ጠይቆ» ተገኝቷል። ያስቀየመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እስከ ዓርብ ደብዳቤ አምጪ አለኝ፤ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች፣ ሱቋ የት እንደሆነ፣ የአይዲዋ ቁጥር፣ የአሥራ ሁለቱ መስመሮች ምክንያት፣ ከነፊርማዋ። ከሪፖርቱ ጋር ተያይዞ ጥናቱን ላዘዙት ለውጪዎቹ ይላካል። «ካላመጣሽ ስድሳውም ይጣላል፣ አንቺም ትሄጃለሽ። እሁድ ደግሞ ለእናትሽ የምነግራት እኔ ነኝ።»

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ከእኛ ሰዎች ማን አያውቀውም? የስደተኛ ወረቀት ይዘህ የስልክ መስመር ላውጣ ብትል ባለሱቁ «ሲስተሙ አይቀበለውም» ብሎ ይመልስሃል። ስለዚህ የኬንያ አይዲ ያለው ሰው በራሱ ስም ያወጣልሃል። እዚያ ደረጃ ላይ ያ ሰው ሀሊማ ናት። አንዱ ስልኩ ሲጠፋበት ሱቋን ለጎረቤት ትታ ትሰለፍለታለች፤ ባለስሟ ራሷ ካልቀረበች መስመሩ አይመለስማ። አንዱ በስልኩ ጥፋት ቢሠራም ፖሊስ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። እኔ ይህን በደብዳቤ አድርጌ፣ ከነአይዲ ቁጥሯ፣ ማን እጅ እንደሚገባ ለማላውቀው ሰው ልስጥ?

ግን ልስጥ ብዬም አስቤያለሁ። አልዋሽም። ረቡዕ በዝናብ ሄጄ ነገርኳት። አንሶላ እያጠፈች ሰማችኝ።

«ጻፊው» አለች።

«እሺ በቃ?»

«እኔ እሺ ብያለሁ። ስሙ የኔ ነው፤ ስልኩ ግን የነሱ ነው። ወጥተሽ አሥራ ሁለቱን ጠይቂ።»

ወጣሁ። አንዳንዱ «እሷ ካለች» አለ። ጋሽ ሱልጣን ግን መርፌውን ከአፉ አወጣ።

«ልጄ ደሴ ናት» አለኝ። «አባቷን የምታውቀው በዚህ ቁጥር ነው። አንቺ ሥራ ብታጪ ሌላ ሥራ አለ። እኔ ይህ መስመር ቢዘጋብኝ የት ብላ ትደውላለች?»

  ወረድኩና ሀሊማን «አልጽፍም» አልኳት። «ስለ አንቺ ለማንም አልናገርም።»

«ፖሌ፣ ልጄ» አለችኝ፤ አይዞሽ እንደ ማለት ነው። አንሶላዋን ማጠፍ ቀጠለች።

ዓርብ ባዶ እጄን ቢሮ ገባሁ።

«ደብዳቤው?»

«የለም። ይልቅ ተነሥ እንሂድ። አንተው ጠይቃቸው።»

ምዋንጊ ከጥግ ሆኖ ሳቀ። ጋሽ ደረጀ ተቆጣ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ ግን ጃኬቱን አነሣ። ይህን አልክድበትም።  ከማታቱ ከወረድን በኋላ የቆዳ ጫማው ውሃ ውስጥ ገባ፤ እኔ የላስቲክ ጫማዬን ስቀይር በቁጣ አየኝ።

ታብሌቱን ይዞ ደረጃውን ወጣ። እኔን ከታች እንድቆይ አዘዘኝ፣ መልስ እንዳላቀብላቸው። ድምፁ ግን ይሰማል። ጋሽ ሱልጣንን «ዕቃ ስታዝ ትደውላለህ ወይስ ትጽፋለህ?» አለው።

«ለዚያች ለፍላፊ ነግሬያታለሁ! መጻፍ አልችልም፣ ድምፅ ነው የምልከው። ስንቴ ልንገራችሁ?»

ታብሌቱ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ለፍላፊ ከምትለው በቀር። ሰባተኛው ሰው ላይ ሲደርስ መጠየቁን ተወ። ወርዶ ሀሊማ ፊት ቆመ፤ ማን እንደሆነች ማንም ሳይነግረው አወቃት፤ ያኔ እንኳ ከፊቷ ስልክ የጠፋበት አንድ ልጅ ቆሞ ይለምናታል።

«እህቴ፣ አትፈሪም?» አላት።

«እፈራለሁ እንጂ! በየወሩ አንዱን ልዝጋ እላለሁ። ከዚያ የማንን ልዝጋ?»

ብትን ጨርቁ ላይ ተቀመጠ። ቻይ ሰጠችው፤ ጠጣ። ጫማውን እያየ «ስሟን አትጻፊ» አለኝ። «የትም አትጻፊ። ደብዳቤውም ይቅር።»

ያ ነገር ሪፖርቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሆነ፤ ያለ ስም፣ ያለ ሕንጻ። ውጪዎቹ የወደዱት እሱን ነው። ከዚያ ሁለተኛ ጥናት መጣ፣ ሦስተኛም። ሊፍት ያለው ሕንጻ ገባን፣ ሊፍቱ አብዛኛውን ጊዜ ባይሠራም። ጋሽ ደረጀ በድዬሻለሁ ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀን ስንመለስ ሁለት ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ ገዛልኝ፤ ሁለቱንም በላኋቸው። እሁድ ለእናቴ «ልጅሽ ትሠራለች» አላት። ያኔ እንደ ይቅርታ ቆጠርኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላይ ሰው ብዙ ነገር እንደ ይቅርታ ይቆጥራል።

ሐሙስ ዕለት የከበበው አንቀጽ ይህ ነው። ድረ ገጹ ላይ የሚወጣው «መሥራቻችን ገበያ ውስጥ ሲዘዋወር አንድ ነገር አስተዋለ» የሚል ነው። እሱስ ይሁን፤ እኔ ብወጣ ግድ የለኝም። ግን የሀሊማን ነገር አልሰረዘም።

«ታሪኩ እሷ ናት» አለኝ። «ሰው ፊት ማየት ይፈልጋል። እውነተኛ ስሟን፣ ፎቶዋን፣ ሱቋን አስገቢ።»

«አትጻፊ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ድሮ ነው እኮ እሱ። አሁን ማን ይጠይቃታል?»

«ሰባቱ መስመር ዛሬም በስሟ ነው። የጋሽ ሱልጣን ጭምር።»

«እሺ ጠይቂያት፤ ደስ ይላታል።»

«ማክሰኞ ጠይቄያታለሁ። እምቢ ብላለች።»

«አንቺ አጠያየቅ አታውቂም።» ስልኩን አነሣ። «ፎቶ አንሺውን አሁን እልከዋለሁ። ለምን እንደሆነ መንገር የለበትም፤ አንሶላ የምትሸጥ ሴት አንሣ ብለው ይበቃል። ደረጃው የት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ።»

ቁጥር ሲመታ ላፕቶፑን ዘግቼ ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት። ኮሪደሩ ላይ ላስጠነቅቃት ለሀሊማ ደወልኩ፤ የዙህር ሰላት ሰዓት ስለሆነ አላነሣችም።

«የት ነው? ሥራ ሰዓት ነው እኮ!» አለ ጋሽ ደረጀ ከኋላዬ።

«ኢስሊ» አልኩት።

ሊፍቱን አልጠበቅኩም። ታች የማታቱ ረዳቱ አንድ ሰው ቀረ እያለ በሩን ይደበድባል። ገባሁና በሩን ዘጋው።