ለጾም የመረጥኩት ድስት

ደርግን ሸሽቼ ናይሮቢ ወንድሜ ቤት ተጠግቼ ሳለሁ፣ ሁዳዴ ሲገባ ራሴን የወጥ ቤቱ ሹም አድርጌ ሾምኩ። ዘጠኝ ሰው በሚበላበት ቤት የጾምና የፍስክ ድስት መቀላቀል የለበትም ብዬ፣ በራችን እየዞረች አትክልት ከምትሸጠው ከማማ ንጄሪ አንድ ያገለገለ ወፍራም ድስት ገዛሁ። አንኳኳሁት፣ ወደ ፀሐይ ይዤ ቀዳዳ ፈለግሁ፣ ጆሮውን ነቀነቅሁ። ከዚያ ቀይ ክር አስሬበት ዘበኛው ሆንኩ። የወንድሜ ሚስት እንኳ ሳታስፈቅደኝ አታነሳውም። ሽሮው በተመሰገነ ቁጥር «ድስት መምረጥ እኮ ዕውቀት ነው» እያልኩ እኮፈሳለሁ።

የሆሳዕና ዕለት ምሳ ላይ ማማ ንጄሪ ብቅ አለችና ድስቱን ስታይ በስዋሂሊ ብዙ አወራች። አንድም ቃል አልገባኝም፤ ግን ጥሩ ነው ለማለት «ንዙሪ ሳና!» እያልኩ ራሴን ነቀነቅሁ።

የወንድሜ አማት፣ እማማ፣ «ምን አለች?» ሲሉ እዚያው ናይሮቢ ያደገችው የልጅ ልጃቸው ቀደመችኝ።

«ባሌ ሰባት ዓመት የፍየል ጭንቅላት ሾርባ ሲሸጥበት አንድ ቀን አላሳፈረውም፤ ቅባቱ ስለዘለቀው ነው የሚያጣፍጠው፣ አለች።»

እማማ የጠቀለሉትን ጉርሻ ቀስ ብለው ትሪው ላይ መለሱና፣

«ይሄንንስ ዕውቀትህ አልነገረህም?» አሉኝ።