ሰላም ያልኩበት ጓንት

ፈሪ መሆኔን ቤተሰቤ ሁሉ ያውቃል። ዶሮ ሲታረድ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን የምትይዝ ልጅ ነርስ ልሁን ስትል ከተማችን መርሳ ላይ ያልሳቀባት ሰው አልነበረም። «ደም ስታዪ አንቺን ማን ሊያነሳሽ ነው?» ትለኝ ነበር እናቴ። ደምስ ኋላ ለመድኩት። ያልለመድኩት ሰው ፊት ቆሞ መፈተንን ነው። አንድ ሰው እጁን አጣምሮ ካየኝ የገዛ ስሜ ይጠፋኛል።

ሌላ ከተማ ካለ ኮሌጅ ነርሲንግ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። የመጨረሻው ዓመት ሲቀረኝ አገሩ ታመሰና ኮሌጁ ተዘጋ፤ ሻንጣዬን ይዤ መርሳ ተመለስኩ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ሲባል ከረመ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። በዚህ መሀል ወልድያ ያለ አንድ ኮሌጅ የዝውውር ተማሪ እንደሚቀበል ሰማሁ። የተማርኩትን እንዲቆጥሩልኝ ግን እውነተኛ ታካሚ ላይ የተግባር ፈተና መፈተን ነበረብኝ።

አባቴም ሰማ። «ሂጂና ሞክሪ» አለኝ። «ከተቀበሉሽ የአንዷን ዓመት ወጪ እችላለሁ። ካልተቀበሉሽ ግን እንደ እህትሽ ትሄጃለሽ።»

እህቴ አረብ አገር የሰው ቤት ትሠራለች። የእኔም ፓስፖርት ወጥቶ ደላላው እጅ ገብቷል። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ በእኛ ሰፈር ልጁን ወደ አረብ አገር የሚሸኝ ሰው ጠልቷት አይደለም የሚሸኛት። እርጅናው እየመጣ ነው፣ ሌላ መላ ደግሞ አልታየውም። እኔ ግን እህቴ ስትደውል ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንደምታወራ አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። መልሱን እፈራዋለሁ።

የፈተናው ቀን ማለዳ ከመርሳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቁርስ አልወርድ ብሎኛል። ጣቶቼን እየቆጠርኩ ቁስል የሚታጠብበትን ቅደም ተከተል በሹክሹክታ እደጋግማለሁ፦ ሰላም በይ፣ አስረጂ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ዕቃውን ክፈቺ፣ ጓንት አጥልቂ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ሌላ ነገር አትንኪ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ዚክር የማደርግ መስሏቸው ሲሪንቃን እስክናልፍ ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና «አላህ ይቀበልሽ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም አፍሬ «አሚን» አልኩ። ኬላው ላይ ወርደን ስንፈተሽ መታወቂያዬን ለፈታሹ ሳቀብለው መሬት ላይ ጣልኩት። «ምን ሆነሻል?» አለኝ። «ፈተና አለብኝ» አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ፈተናው በአንድ ጤና ጣቢያ ነበር። አልጋዎቹ በመጋረጃ ተከልለዋል፤ እኛ ተፈታኞቹ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተራ እንጠብቃለን። ከጎኔ ያለችው ልጅ «እኔስ ካልሆነልኝ ንግድ እገባለሁ» እያለች ማስቲካ ታኝካለች። እንዴት እንደቀናሁባት! ስሜ ተጠራ።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰ መምህር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አልጋው ላይ ግራና ከሚባል አገር የመጡ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ሻሻቸው አገጫቸው ስር ታስሯል፣ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተዋል። ቅልጥማቸው ላይ ጉቶ የመታቸው ቁስል አመርቅዞ ከርሟል። «ጀምሪ» አለኝ መምህሩ።

ጀመርኩ፤ ግን ከየት ነው የጀመርኩት? ያ ሁሉ ሚኒባስ ውስጥ የደጋገምኩት ነገር ከራሴ በንኖ ጠፋ። ቀጥታ ወደ ቧንቧው ሄጄ እጄን ታጠብኩ፣ በእንፋሎት የጸዳውን የዕቃ ጥቅል ከፈትኩ፣ ከጀርም የጸዳውን ጓንት ውጪውን ሳልነካ አጠለቅኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን በደንብ ነው ያጠለቅኩት። «ጎበዝ» አልኩ ለራሴ። ዞሬ ስቆም እማማ አይን አይኔን ያዩኛል።

«ምነው ልጄ፣ ሰላም የለም?» አሉኝ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ሐፍረት ፊቴን አቃጠለው። ደርሳ የሰው እግር ልትይዝ፣ ሰላም እንኳ ሳትል! እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር? እማማ እጃቸውን ዘረጉልኝ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ አይታሰብም፤ እጅ በራሱ ይሄዳል። በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው፣ ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ፣ እሳቸውም የእኔን ወደ አፋቸው ወስደው ሳሙ። «አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ» ተባባልን። ቀና ስል ነው የሳሙት እጄን ሳይሆን ጓንቱን መሆኑን ያየሁት።

 መምህሩን አየሁት። በዚያች ቅጽበት ከመጋረጃው ማዶ የአንዷ ተፈታኝ ትሪ ወድቆ ተንኳኩቶ ስለነበር አንገቱን ወደዚያ ጠምዝዟል። አላየም። ፊቱን ሲመልስ እኔ ጓንት እንዳጠለቅኩ ቆሜያለሁ፣ እማማም ተመችቷቸው ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። «ቀጥዪ እንጂ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ቀጠልኩ። መቆንጠጫውን አነሳሁ፣ የቁስል መጥረጊያ ጎዝ ቆነጠጥኩ። ለእያንዳንዳችን የተሰጠን አንድ ጓንትና አንድ የዕቃ ጥቅል ብቻ ነው። ተናገርኩ ማለት ወደቅኩ ማለት ነው፣ ወደቅኩ ማለት ደግሞ ሄድኩ ማለት ነው። የማታውቂው ሰው ቤት፣ የማታውቂው ቋንቋ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ። አንዲት መሳም ምን ታመጣለች፣ ቁስሉ እንደሆነ ድሮም አመርቅዟል፣ እላለሁ በሆዴ። 

እማማ እግራቸውን አስጠጉልኝና «በይ፣ ቢስሚላህ በይና ጀምሪው» አሉኝ።

ቢስሚላህ ማለት አቃተኝ። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም። በአላህ ስም ብዬ እያወቅኩ ቆሻሻ ላስገባባቸው? ሰውን የምፈራውን ያህል እሱንም እፈራለሁ። ጎዙን ትሪው ላይ መለስኩት።

«መምህር፣ ጓንቴ ተበክሏል» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። «ዕቃውንም ነክቼበታለሁ።»

«በምን ተበከለ?»

«ሰላም ብዬበታለሁ።»

መምህሩ ገና መልስ ሳይሰጠኝ እማማ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉት። «በምን አለች? በእኔ እጅ?» አሉ። ወደ መምህሩ ዞሩ። «ተራዬ እንዳያልፈኝ ብዬ ለዙህር ሶላት ታጥቤ፣ ውዱኤን ቤቴ አድርጌ የመጣሁ ሰው ነኝ። እኔ ነጃሳ፣ ቆሻሻ ነኝ? ሌላዋ ትምጣልኝ። ይቺ እንዳትነካኝ።»

አሁን በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ፈተናው አንድ ነገር ነው፤ ትልቅ ሰው ማስከፋት ግን እኛ ጋ ቀልድ አይደለም፣ የእናት ቅያሜ ተከትሎሽ ይሄዳል። የፈሩት ይደርሳል ሲሉ እውነታቸውን ነው።  ታካሚ እንቢ ካለ ፈተናው እዚያው ያበቃል።  ጓንቱን አውልቄ ጣልኩና አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ውዱእ አድርገው ሳሉ ጋደም ብለው እንቅልፍ ቢወስድዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ይፈርሳላ። እንደገና አደርጋለሁ።»

«ቆሽሸው ነው?»

«ለምን እቆሽሻለሁ! ሥርዓቱ ነው።»

«የእኔም ጓንት እንዲሁ ነው፣ እማማ። ከቁስሉ በፊት የአልጋውን አንሶላም ብነካበት ይፈርሳል። የራሴን ፊት ብነካበትም ይፈርሳል። እጅዎ ንጹሕ ነው። ጓንቴ ግን ፈርሷል፣ እንደገና ላጥልቅ።»

  እማማ መፋቂያቸውን አውጥተው ጥርሳቸውን ነካ ነካ አደረጉና «ታዲያ እንዲህ አትዪም ነበር? ምን ያንቀጠቅጥሻል፣ አብሽሪ!» ብለው እግራቸውን ዘረጉ። መምህሩ ወጣ ብሎ አዲስ ጥቅልና አዲስ ጓንት ይዞ ተመለሰ። ቢስሚላህ ብዬ ቁስሉን አጠብኩ፣ ሸፈንኩ። ሲነሱ «እጅሽን ሺፋ፣ መድኃኒት ያርገው፣ ለምድሩም ለሰማዩም ድረሺ» ብለው መረቁኝ። አሚን ለማለት እንኳ ምራቄ ደርቆ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮ ተጠራሁ። ፈታኜና የኮሌጁ የነርሲንግ ክፍል ኃላፊ፣ ረጋ ያሉ ሲስተር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «መናገርሽ መልካም» አሉ ሲስተር። «ግን ጓንት አጥልቆ ታካሚ ሰላም ማለት ገና የገባ ተማሪ ስህተት ነው። መሠረትሽ አልጠናም። እንቀበልሻለን፤ የተማርሽውን ግን አንቆጥርልሽም። ከአንደኛ ዓመት ትጀምሪያለሽ።»

ከአንደኛ ዓመት። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እንደ አዲስ። አባቴ የቻለው አንዷን ብቻ ነው። «ትስማሚያለሽ?» አሉኝ።  ሳላስበው «እሺ» አልኩ።

ወጥቼ መንገዱ ዳር ስልኬን ይዤ ቆምኩ። ኔትወርኩ ሁለቴ ቆረጠብኝና፣ በእውነት ልንገራችሁ፣ ሁለቴም ደስ አለኝ። በሦስተኛው አባቴ አነሳ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጓንቱንም፣ እማማንም፣ ሦስቱን ዓመትም። ሲጨንቀኝ አወራሁ፣ አወራሁ፣ ከዚያ የምለው አለቀ።

«ሦስት ዓመት» አለ አባቴ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሴትዮዋስ? ተቀይመው ሄዱ?»

«የለም። መርቀውኝ ነው የሄዱት። እጅሽን ሺፋ ያርገው አሉኝ።»

 የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። አልተቆረጠም፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«አሚን» አለ በመጨረሻ። «በይ ተማሪ። እኔም እስክትጨርሺ አልታመምም።»

ባጃጁ ሁሉ ዞር በይ እያለ ጡሩንባውን ይነፋብኛል። እኔ እዚያው መንገዱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ።