የኦባድያ መዳብና የኦባድያ ጢም

እልል በሉ፣ መዳቡ ተቀባይ አገኘ! የማን መዳብ? የሆባርት ከተማው ሻይ ነጋዴ የኦባድያ ነዋ! ከተማው ውስጥ ዝርዝር ሳንቲም ከጠፋ ወዲህ ነጋዴው ሁሉ ራሱ ባሠራው የመዳብ ሳንቲም ነው መልስ የሚሰጠው። ኦባድያም ጢማም ፊቱን መዳቡ ላይ አስቀርጾ ከእንግሊዝ በመርከብ አስመጣ። መዳቡ በደረሰ ማግስት ግን ኩራዝ ሲለኩስ ጢሙ ነደደና ተላጨ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ሚስስ ፕሉምሪጅ መዳቡን ከኦባድያ የተላጨ አገጭ ጋር አስተያየችው። "ባለቤቱን ጥራልኝ!"

"እኔው ነኝ እኮ፣ እመቤቴ! ስንት ዓመት ሻይ የሸጥኩልዎ!"

"አንተንማ አውቅሃለሁ። መዳቡ ላይ ያሉትን እኚህን ሰውዬ ነው የማላውቃቸው።"

ወሬው ተዛመተና መዳቡን የሚነካ ጠፋ፤ መልስ ከሌለ ደግሞ ማን ሻይ ይገዛል? ሱቁ ሊዘጋ ሲል ሚስቱ ሶፋው ከተሞላበት የፈረስ ጭራ መዝዛ ጢም ሠራችና በክር ጆሮው ላይ አሰረችለት።

ዛሬ ጠዋት ሚስስ ፕሉምሪጅ ጢሙን ጎተት አደረገች፤ ክሩን አየች፤ መልሳም አስተካከለችለት። "አሁን ገና መጡ! እንዴት ከረሙ? ያንን ጢም የለሽ አጭበርባሪ ያባርሩት እንጂ!"

"አባረርኩት" አለ ኦባድያ፣ የፈረሱ ጭራ አፉ ውስጥ እየገባ። መልሷንም በመዳቡ ተቀበለች!

በሉ ልሂድ፤ ሥጋ ሻጩም ጢማም ፊቱን መዳብ ላይ አስቀርጿል፣ ምላጩን ሳያነሳ ልድረስበት!